ሦስት ለባዶ

ሦስት ለባዶ አሸንፈናል። ይህን አስቀድሜ የምመሰክረው የታች ሰፈር ሰዎች እስከ ዛሬ «ሁለት ለባዶ ነው፤ ሦስተኛዋ ወንዙን አልተሻገረችም» እያሉ ስለሚከራከሩ ነው። ተሻግራለች። እኔ በዚያች ሰዓት መሬት ላይ ተዘርሬ ሰማይ ሰማዩን ስለማይ በዓይኔ አላየኋትም፤ ያዩት ሽማግሌዎች ግን ፈርደዋል፤ የገና ጨዋታ ፍርድ ደግሞ ይግባኝ የለውም።

ቀኑ ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር። ገና ረቡዕ ቢውልም ስለማይጾም ከቅዳሴ መልስ በየቤቱ በግ ታርዷል። ቦታው መንዝ ጌራ ምድር ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ ሲወጣ ከመኪናው መንገድ ርቆ የሚገኝ የግጦሽ መስክ ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። እኛ ዘንድ ደጋ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ውርጭ ነው። ጤፍ አይበቅልም፤ ገብስ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሣሩ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ሰው በርኖስ ላይ ዝተት ደርቦ እሳት ዳር ይኮራመታል። ስለ ብርዱ አጥብቄ የማወራው ኋላ ከጉዳዩ ስለሚገባ ነው።

የገና ጨዋታን ከተማ ያደገ ሰው በቴሌቪዥን ያውቀዋል። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሕግ ጽፎለት፣ ሜዳው ተለክቶ፣ ተጫዋቹ ተቆጥሮ፣ ዳኛው ፊሽካ ይዞ። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ ዱላ የያዘ ወንድ ሁሉ ተጫዋች ነበር። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ይባላል እንጂ አሰላለፍ የለም። ጥንጓ ከእንጨት ሥር ተጠርባ የተድቦለቦለች ናት፤ ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ፤ የተፈጥሮ ጉብጠት ያለው እንጨት ከተገኘ ሰው ከመስከረም ጀምሮ ደብቆ ያስቀምጠዋል። ጥንጓን መሐል ሜዳው ላይ ያስቀምጡና ሁለቱ ቡድኖች ይላጋሉ። የእኛ መዳረሻ የአንድ ገብስ ማሳ ካብ ነው፣ የእነሱ ደግሞ ቀጭን ወንዝ። ጥንጓ ካቡን ካለፈች ለእነሱ፣ ወንዙን ከተሻገረች ለእኛ ትቆጠራለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨዋታው ያበቃል።

በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ፣ ሽማግሌና ጎረምሳ እኩል ነው፤ የተመታ አይቆጣም፣ የመታ አይካስም። የጥንት እረኞች የጌታን መወለድ ሰምተው በበትራቸው የተጫወቱት ነው ይባላልና ቂም አይያዝበትም። እኔም ይህን የምጽፈው ቂም ይዤ አይደለም። የመታኝ ልጅ ዛሬ የልጄ ክርስትና አባት ነው።

ካቡ ፊት የቆምነው አራት ነበርን። እዚያ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ መሮጥ የማይችል ነው፤ እኔ ግን ወድጄ ነበር የቆምኩት። ጥንግ ከሩቅ ስትመጣ አቅጣጫዋን ከዱላው አሰነዛዘር አስቀድሜ አውቃለሁ። ገና ጨዋታ ላይ ያገባ ይዘፈንለታል፣ ትከሻ ላይ ይወጣል፣ ማታ በየቤቱ ጠላ ይቀዳለታል። የጠበቀ ስሙ አይነሳም። ኋላ ብዙ ጊዜ ተኝቼ ያገኘሁትን ጋዜጣና መጽሔት ሁሉ ሳነብ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል፦ አሜሪካኖች ቤዝቦል በሚሉት ጨዋታቸው ተጋጣሚውን በባዶ የሸኘው ድል የሚጻፈው በወርዋሪው ስም ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ዶን ላርሰን የሚባል የኒው ዮርክ ያንኪስ ወርዋሪ የብሩክሊን ቡድንን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ 27 መቺ ተራ በተራ መጥቶ አንዱም የመጀመሪያዋን ማረፊያ አልረገጠም። ያንን ቀን የሚያስታውስ ሁሉ የሚያነሳው ያገቡትን ሳይሆን ያላስገባውን ነው። እኛ ሌላ ነን። በኳስም ቢሆን ታላቁ ድላችን፣ በ1954 ዓ.ም. ግብጽን አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ የወሰድንበት፣ 4 ለ 2 ነው፤ ስለ አራቱ ሲወራ ኖሯል፤ ስለገቡብን ሁለቱ የሚያወራ የለም።

ያን ቀን ግን ባዶ እንደሆኑ መሸኘት አለባቸው የሚል እልህ ውስጤ ገብቶ ነበር። የቀደመው ዓመት አሸንፈውን ማታ ደጃችን ድረስ መጥተው የዘፈኑትን ስድብ እናቴ ሳይቀር በቃሏ ታውቀዋለች። ሁለት ለባዶ እየመራን ፀሐዩ ወደ ሞላሌ በኩል ዘንበል ሲል ታቾቹ ተሰብስበው መጡ፤ ሃያ ይሆናሉ። ጥንጓ ከአቧራው መሐል ብቅ አለች። ዘልዬ ገባሁና በሙሉ ኃይሌ ለጋኋት። ጥንጓን ሊመታ የተሰነዘረ ዱላ ጥንጓ የነበረችበት ቦታ ላይ የእኔን ቅልጥም አገኘ። ድምፁን ከሕመሙ በፊት ሰማሁት። እኔ የለጋኋትን ጥንግ የእኛ ልጆች ተቀባብለው ወንዙን አሻገሯት። ሆታው ሲቀልጥ ለእኔ የሚጮህ መስሎኝ ነበር።

በጋቢ ተሸክመው ወደ ቤት ወሰዱኝ። ወጌሻው ብዙ ሳይቆይ መጣ። እዚህ ላይ ሰው እንዲጠነቀቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ይህ ሰው አዋቂ ነበር። የወለቀ ትከሻ አንተ ስታወራው እሱ መልሶ ጨርሷል። ከመንደሩ ግማሹ በእጁ ያለፈ ነው። የኳስ ቡድኖቻችን ሜዳ ዳር ሻንጣ ይዞ የሚቀመጠውን ባለሙያ እስከ ዛሬ ወጌሻ የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። እግሬን ዳሰሰ፣ አጥንቱ የተሰበረበትን አገኘ፣ ቆዳው አለመቀደዱን አይቶ «እግዜር ይመስገን» አለ። አባቴ ከትከሻዬ ያዘኝ፤ እሱ ከተረከዜ ይዞ ሳበ፤ አጥንቱ ገጠመ። ቅቤ አስቀብቶ የቀርከሃ ስንጥር ዙሪያውን ደረደረና በአቡጀዲ ቅዳጅ ከጉልበት በታች እስከ ቁርጭምጭሚት ጠመጠመው። አጥብቆ። ካልጠበቀ አይገጥምም፣ እንዲህ ነው የተማረው። «ሳምንት እስኪሆነው ማንም እንዳይነካው፤ ከነካችሁት ወልገድ ብሎ ይቀራል» ብሎ ሄደ።

ማታ አሸናፊዎቹ እየጨፈሩ መጡ። ቤታችን ሞላ። አባቴ ጠላ ቀዳ፤ አረቄም ወጣ። እያንዳንዱ እየገባ እኔ የተኛሁበት መደብ ላይ ጎንበስ ብሎ «አይዞህ፣ ወንድ!» ይለኛል። አንድ አዛውንት «አንድም አላቃሰተ!» ብለው ለሕዝቡ ሲያውጁ እንኳን ላቃስት መተንፈስም አፈርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጠባቂ ስም ሲነሳ የሰማሁት ያን ማታ ነው፤ ስሜ የተነሳው ግን ስለጠበቅሁ ሳይሆን ዝም ስላልኩ ነው።

ሕመሙ ግን የስብራት ሕመም አልነበረም። ልጅ ሆኜ ክንዴ ተሰብሮ ስለሚያውቅ ልዩነቱን አውቃለሁ። የተሰበረ አጥንት ካላንቀሳቀሱት ጋብ ይላል። ይሄ አይልም። ከተሰበረበት ቦታ ይልቅ ባቱ፣ ሥጋው ራሱ፣ ውኃ እንደተሞላ አቅማዳ ተወጥሮ ከውስጥ ይገፋል። ታናሽ እህቴ ብርድ ልብሱን ስታስተካክል ሳታውቅ አውራ ጣቴን ወደ ላይ ገፋ አደረገችው። የዝተቱን ጫፍ ነክሼ ዋጥኩት። ከዚያ ጣቶቼ ላይ መርፌ መርፌ ማለት ጀመረ።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሕመሙ ቀነሰ። ወደ ንጋት ጭራሽ ጠፋ። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ «ተሻለው፤ እመቤቴ ደረሰችለት» አለች። እኔም አመንኩ። ኋላ ሐኪሙ ሲነግረኝ ነው የገባኝ፦ ሕመሙ የለቀቀኝ ስለዳንኩ ሳይሆን ሕመሙን የሚያደርሰው ነርቭ መሞት ስለጀመረ ነው። ሙሉ ሌሊት ሲጣራ የነበረው አካሌ ድምፁ ተዘግቶ ነበር።

እህቴ ጠዋት እግሬን ነክታ «ቀዝቅዟል» አለች። ሌላ አገር ቢሆን ይህ ቃል ቤቱን ያስደነግጥ ነበር። መንዝ ውስጥ፣ በታኅሣሥ ንጋት፣ ያልቀዘቀዘ እግር የማን ነው? አንድ ዝተት ጨመሩልኝና መደቡን ወደ ምድጃው አስጠጉት።

ያዳነችኝ ከእኛ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንዷ ናት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ አንድ ዓመት የሠለጠነች፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ። ሥራዋ ክትባት፣ መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር፣ ነፍሰ ጡር መከታተል ነው፤ አገሩ ግን «ሐኪሟ» ይላታል። ሐሙስ ረፋድ ላይ የመጣችው ለእኔ አልነበረም፤ አራስ የነበረችውን የወንድሜን ሚስት ልታይ ነው። ስትወጣ ወደ እኔ ዞር አለች። ዝተቱን ገልጣ በአንድ እጇ ቀኝ እግሬን፣ በአንድ እጇ ግራውን ያዘች። ቀኙ ምድጃው ዳር ሞቋል። ግራው እዚያው ምድጃ ዳር፣ እዚያው ዝተት ሥር ሆኖ በረዶ ነው። የግራ አውራ ጣቴን ጥፍር ተጫነችና ለቀቀች፤ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ቀዩ አልተመለሰም። «ጣትህን አንቀሳቅስ» አለችኝ። ያንቀሳቀስኩ መስሎኝ ነበር።

«ማሰሪያው አሁኑኑ ይፈታ» አለች።

አባቴ «ልጄ፣ ወጌሻው እንዳይነካ ብለዋል» አላት።

«አባባ፣ እኔ አጥንት መጠገን አልተማርኩም። ወጌሻውም ከእኔ ይበልጣሉ። ነገር ግን ደም የማይደርሰው እግር ይሞታል። ይኼ ደም አልደረሰውም።»

አባቴ ቶሎ አልመለሰም። ሰው ፊት የሽማግሌ ቃል ማፍረስ በእኛ አገር ቀላል አይደለም፤ ወጌሻው ደግሞ የሩቅ ዘመዳችን ነው። ቀስ ብሎ ተነሣና ትናንት በጉን ያረደበትን ቢላዋ ከግድግዳው አወረደ። ጨርቁን ከላይ እስከ ታች ተለተለው። ስንጥሮቹ ሲነሡ ቦታቸው ባቴ ላይ ቦይ ሆኖ ቀርቷል፤ በቦዮቹ መካከል ቆዳው አብጦ ያብለጨልጫል፤ ውኃ የቋጠረበትም ነበር። እናቴ ፊቷን አዞረች።

ወዲያው በቃሬዛ ወደ መኪናው መንገድ ወጣን። ተሸካሚ ሲጠራ ታች ሰፈሮችም መጡ፤ የመታኝ ልጅ ከፊት በኩል ያዘ። መሐል ሜዳ ስንደርስ ያየኝ ባለሙያ ደብዳቤ ለመጻፍ እንኳን ጊዜ አላባከነም፤ «ደብረ ብርሃን፣ ዛሬውኑ» አለ። ያን ጊዜ በወረዳው የምንጠራው አምቡላንስ አልነበረም። ለጥምቀት ገበያ በግ የጫነ አይሱዙ ተገኘ፤ ሹፌሩ በጎቹን ወደ ኋላ ገፍቶ ቦታ አስለቀቀልኝ፤ ገንዘብ አልተቀበለም። በሞላሌ አድርገን፣ ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ገጥመን፣ ሲመሽ ደብረ ብርሃን ገባን። መንገዱ ጠጠር ነበር፤ ስለ መንገዱ ይህ ይበቃል።

ሐኪሙ እግሬን እንዳየ አባቴን ወረቀት አስፈረመው፤ አባቴ ፊርማ ስለማይችል ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሥጋው ሞቶ ከተገኘ እግሩ ከጉልበት በላይ እንዲቆረጥ መስማማታችን ነው። ከዚያ ባቴን በሁለቱም ጎን በረጅሙ ሰነጠቁት። ኋላ ሲያስረዳኝ ነገሩን እንዲህ አስቀመጠው፦ የባት ሥጋ በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው። አጥንት ሲሰበር ውስጥ ይደማል፣ ያብጣል። እብጠቱ መውጫ ይፈልጋል። ከውጭ ጥብቅ ማሰሪያ ሲጨመርበት በውስጡ ያለው ግፊት ከቀጫጭኖቹ ሥሮች የደም ግፊት ይበልጥና ደም መግባት ያቆማል። ደም ጭራሽ ያልደረሰው ሥጋ ከስድስት ሰዓት ያህል በኋላ አይመለስም። የእኔ ማሰሪያ ከዚያ በላይ ቆይቷል፤ የተረፈው ሥጋ የተረፈው ጥቂትም ቢሆን ደም ሾልኮ ይደርሰው ስለነበር ነው። ቢላዋው ሲነካው የደማው ሥጋ ተተወ፤ ያልደማው ተቆርጦ ወጣ።

ቁስሉ ወዲያው አይሰፋም። እንደተከፈተ ይቆያል፣ በየቀኑ ይታጠባል። ስለዚያ እጥበት ብዙ ማለት እችል ነበር፤ ግን በዚህ ጊዜ ጮኼ ነው የታጠብኩት፤ ክፍሉ ሁሉ ሰምቶኛል፤ ማንም ወንድ አይደለህም አላለኝም። ከታፋዬ ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈ። ሁለት ትንንሽ ጣቶች ጠቁረው ደርቀው ወደቁ። የእግሬ ጫፍ ወደ ላይ መነሣት አይችልም፤ ስሄድ ጉልበቴን ከፍ አድርጌ ነው የምጥለው። እግሬ ግን የራሴ ነው፤ ይኸው በእግሬ እሄዳለሁ።

ጎኔ ተኝቶ የነበረው ከሌላ ወረዳ የመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ከዛፍ ወድቆ ክንዱን ተሰብሮ፣ እንደእኔው ታስሮ፣ እንደእኔው «ተሻለው» ተብሎ። እሱን ያየች «ሐኪሟ» ግን አልነበረችም። እጁ ጠቁሮ ሲሸት ነው ያመጡት። ቀኝ እጁ ከክርን በታች ተቆረጠ። በአገራችን ሐኪሞች በጻፏቸው ጥናቶች ልጆች እጅና እግራቸውን የሚያጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ጥብቅ ማሰሪያ መሆኑ ደጋግሞ ተመዝግቧል። አባትየው «ስንት እጅ ያዳነ ወጌሻ ነው እኮ» ይል ነበር፤ እውነቱንም ይሆናል። አንድ ወጌሻ መቶ ሰው አድኖ አንዱን ሲያጣ ያ አንዱ በሌላ ምክንያት የሞተ ይመስለዋል። ማንም መልሶ አይነግረውም።

ለእኛው ወጌሻ ግን ነገርኩት። ከሆስፒታል ስመለስ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ፈርቶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልፈራም። «አሳየኝ» አለ። ገለጥኩለት። ጠባሳውን በእጁ ሲዳስስ ቆይቶ «ልጅቷ በምን አወቀች?» ብሎ ጠየቀኝ። የጥፍሩን ነገር አሳየሁት። ራሱ ጥፍር ላይ ተጭኖ ነጩ ሲቀላ አየ። የልጅ ልጁን ጠርቶ የእሷም ላይ ሞከረ። እስኪያርፍ ድረስ ስንጥር ሲያስር ትንሿን ጣቱን ከጨርቁ ሥር አስገብቶ ካላለፈች መልሶ ይፈታው ነበር፤ ማታም ተመልሶ ጣት ሊነካ ይመጣል። እብጠት ያየበትን «ይኼ የእኔ አይደለም፤ ውሰዱት» ይላል። አንድም ሰው ሙያው ቀነሰ ብሎ አልናቀውም።

ጥምቀትም ገናም በመጣ ቁጥር በየመስኩ የሚሰበር አይጠፋም። ሐኪም ቤት ሩቅ የሆነበት ሰው ወጌሻ ዘንድ መሄዱን እንዲያቆም ብለምነው አይሰማኝም፤ እኔም ብሆን አልሰማም። የምለምነው ይህን ብቻ ነው። የታሰረ ሰው ቤታችሁ ካለ ጣቶቹን ከልብስ ውጭ አድርጉ፤ አትሸፍኗቸው። ማታም ሌሊትም ሁለቱን እግር፣ ሁለቱን እጅ እያነጻጸራችሁ ዳስሱ፤ ብርድ ከሆነ ሁለቱም ይቀዘቅዛሉ፤ አንዱ ብቻ ከቀዘቀዘ ብርድ አይደለም። ጥፍሩን ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ቀዩ ወዲያው ካልተመለሰ፣ ጣቱን ሲያቃኑለት ከጮኸ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሲያሠቃየው የነበረው ሕመም በድንገት ከጠፋ ማንንም ሳትጠይቁ ማሰሪያውን ከላይ እስከ ታች ቅደዱትና ወደ ሆስፒታል አውጡት። የታሰረውም ሰው ይጩህ፤ ጩኸቱን አታሳፍሩት።